ጆሮና እጅ፦ ባሕር ዳር አሸዋ ለምትዝቁ ወዳጆቼ



አሜሪካ ካላችሁት የቀድሞ ተማሪዎቼ አንዳንዶቻችሁ ቅዳሜና እሁድ ሜታል ዲቴክተር ይዛችሁ ባሕር ዳር መውጣት ጀምራችኋል። ደስ ይላል። ጥያቄያችሁ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ የትኛው ዲቴክተር ይሻላል?» ስለ መዛቂያው የሚጠይቅ የለም። መዛቂያ የምለው ያ ረጅም እጀታ ያለው፣ ሆዱ እንደ ወንፊት የተበሳሳው፣ ፈረንጆቹ ሳንድ ስኩፕ የሚሉት ዕቃ ነው። ዲቴክተሩ ሲጮህ አሸዋውን በሱ ትዝቃላችሁ፤ ውሃውና አሸዋው በቀዳዳው ይወርዳል፣ የተፈለገው ነገር ውስጡ ይቀራል።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና በታሪክ በኩል ልምጣ። ዲቴክተር ጆሮ ነው፤ መዛቂያ እጅ ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከሞላ ጎደል ጆሮው እየሠለጠነ ሲሄድ እጁ የተረሳበት ታሪክ ነው። ዋጋውንም ያስከፈለው ብዙ ጊዜ እጁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1881 እንጀምር። በጁላይ 2 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። ራጅ ገና አልተፈጠረም። የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ብረት ሲቀርበው ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ አዘጋጅቶ ሁለት ጊዜ ሞከረ። አልተሳካለትም። አንደኛ፣ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦ ስለነበረው ድምፁን አሳሳተው። ሁለተኛ፣ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብሎ ስላመነ ሌላውን ጎን አላስፈተሸም። ጥይቱ የተገኘው በኋላ አስከሬኑ ሲመረመር፣ በግራ በኩል ነበር።

ልብ በሉ፤ ጋርፊልድን የጎዳቸው የጆሮው ስህተት ብቻ አይደለም። ሐኪሞቹ ጥይቱን ፍለጋ ባልታጠበ ጣትና ባልጸዳ መሣሪያ ቁስሉን ደጋግመው ጎረጎሩት። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ሰውየው በሴፕቴምበር 19 ሞቱ። ዛሬ ጉዳዩን ያጠኑ ብዙዎች፣ ጥይቱ ብቻውን ባልገደላቸው ነበር ይላሉ። የገደለው አወጣጡ ነው እንደማለት ነው።

ከዚያ በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ የሚኖር ገርሃርድ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ መጣ። ሰውየው ለአውሮፕላን አቅጣጫ የሚያሳይ የሬዲዮ መሣሪያ ሲሠራ፣ ብረት ወይም ማዕድን ያለበት ቦታ ላይ ንባቡ ሲዛነፍ አየ። ሌላው እንደ ብልሽት የሚያየውን እሱ ወደ ሥራ ለወጠው፤ በሰው እጅ የሚያዝ ብረት ፈላጊ ሠርቶ በ1937 የፈጠራ መብት አገኘበት።

ጆሮውን ወደ አሸዋ ያመጣው ግን ጦርነት ነው። በ1941 ጆዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ መኮንን፣ አገሩ በናዚ ተይዛ ስኮትላንድ ተሰድዶ ሳለ፣ አንድ ወታደር ብቻውን ሊሸከመው የሚችል የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። ክብደቱ 14 ኪሎ አይሞላም ነበር። የፈጠራ መብት አልጠየቀበትም፤ ለእንግሊዝ ጦር እንዲሁ ሰጠው። በኦክቶበር 1942 በግብፅ ኤል አላሜይን በተደረገው ውጊያ 500 ያህሉ ተሰልፈዋል። ጀርመኖች እዚያ የቀበሩትን የፈንጂ ሜዳ «የዲያብሎስ አትክልት ቦታ» ብለው ነበር የሚጠሩት።

አሁን ያንን ወታደር በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ጆሮው ላይ ድምፅ ይሰማል። ከዚያስ? አካፋ አያነሳም። በሆዱ ተኝቶ፣ ሳንጃውን አጋድሞ ቀስ እያለ አሸዋውን ይወጋል፤ ጠንካራ ነገር ሲነካ በጣቱ ዙሪያውን ይጠርጋል። ጆሮው ትክክል ሆኖ እጁ ከተሳሳተ አለቀለት። እኛም አገር ከ1998–2000ው ጦርነት በኋላ በሰሜን ድንበር የሠሩት ፈንጂ አምካኞች ይሄን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህ መሣሪያዎች ከመጋዘን ወጥተው በርካሽ ተሸጡ። አንዱ ፍሎሪዳ ደረሰ፤ ኪፕ ዋግነር የሚባል የቤት ሥራ ተቋራጭ እጅ ገባ። ሴባስቲያን በምትባል ከተማ አካባቢ ከማዕበል በኋላ ባሕሩ የብር ሳንቲም ይተፋል፤ ዋግነር እየሰበሰበ ዓመተ ምሕረታቸውን ሲያይ ከ1715 የሚያልፍ አንድም የለም። ምክንያት ነበረው። በጁላይ መጨረሻ 1715 ከሃቫና ወደ ስፔን ብርና ወርቅ ጭነው የሚጓዙ 11 መርከቦች በአንድ ሌሊት አውሎ ነፋስ እዚያ ጠረፍ ላይ ተሰባብረው ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። አብሯቸው የነበረው 12ኛው የፈረንሳይ መርከብ ብቻ ተረፈ። ከሞት የወጡት ሰዎችና በኋላም ሀብቱን ለማውጣት የመጡት ስፔናውያን ባሕሩ ዳር ሰፍረው ነበር።

ታዲያ ዋግነር ያንን ሰፈር ያገኘው በምን መሰላችሁ? በወርቅ አይደለም። ዲቴክተሩ መጀመሪያ ያሳየው የመርከብ ሚስማርና የመድፍ ጥይት ነው። ሌላው ሰው «ዝገት ነው» ብሎ የሚወረውረውን እሱ ያዘው፤ ሚስማሩ ሰፈሩን፣ ሰፈሩ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ያሉትን መርከቦች አመለከተው። በጃንዋሪ 1965 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ታሪኩን ጻፈ፤ አሜሪካኖቹም ያንን ጠረፍ ዛሬ «የሀብት ጠረፍ» ይሉታል።

ከዚያ በኋላ ጆሮው በጣም ሠለጠነ። የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ተራ ዲቴክተር እርጥብ አሸዋ ላይ ባሕሩን ራሱን እንደ ብረት እየቆጠረ ይጮኻል። መሐንዲሶች ይህን ለማለፍ ብዙ ደከሙ፦ አንዱ መንገድ ኃይሉን በአጭር በአጭሩ እየቆራረጡ መላክ ነው፤ ሌላው በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ማዳመጥ ነው። ጥሩ ነው። ግን ጆሮው ያገኘውን እጁ ካላወጣው ምን ይጠቅማል? ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ፣ ማዕበል እየመታችሁ፣ ጉድጓዱ እናንተ ስትዝቁ ወዲያው ሲሞላ፣ ያኔ ነው መዛቂያው ማን እንደሆነ የሚታወቀው።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ። ዐሥር ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ ውሃና አሸዋ ቶሎ ይወርዳል፣ ክንዳችሁ ያርፋል። የአሜሪካ ትንሿ ሳንቲም፣ ዳይም፣ ወደ 18 ሚሊሜትር ስለሆነች አታመልጥም፤ የጣት ቀለበትም አያመልጥም። የጆሮ ጌጥና ቀጭን የአንገት ሐብል ግን ሹልክ ይላሉ። ቀዳዳውን ብታጠቡት እነሱን ትይዛላችሁ፤ በምትኩ ደቃቅ ጠጠርና የዛጎል ስብርባሪ ይደፍነዋል። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ይሻላል» ሳይሆን «ምን ቢያመልጠኝ ይቆጨኛል» ነው። የኛ አገር ባህላዊ ወርቅ አውጪ ይሄ ችግር የለበትም፤ ገበቴው ቀዳዳ የለውም፣ በውሃ እያንገዋለለ ከባዱን ታች ያስቀራል። ገበቴ በክብደት ይለያል፤ ወንፊት ግን የሚያውቀው መጠን ብቻ ነው። ወርቅ ይሁን ጠጠር አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ከምን እንደተሠራ። ጨው ተራ ብረትን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። የማይዝግ ብረት ግዙ፤ ከዚያም ውስጥ 316 የሚባለው ሞሊብዲነም ስላለበት ከ304 ይልቅ ጨውን ይችላል። ቲታኒየም አይዝግም፣ በተመሳሳይ ውፍረት የክብደቱ ነገር ከብረቱ ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። አልሙኒየም ከሁሉም ይቀላል፤ ዛጎልና ድንጋይ የበዛበት ቦታ ላይ ከንፈሩ ቶሎ ይጎብጣል።

ሦስተኛ፣ ቦታው። ደረቅ አሸዋ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ አጭርና ቀላል የእጅ መዛቂያ ይበቃችኋል፤ እንዲያውም ፕላስቲክ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የዘቃችሁትን ዲቴክተሩ ፊት ስታሳልፉት መዛቂያው ራሱ አይጮህም። ቤል ፍራሹ ውስጥ ያለው ሽቦ እንዴት እንዳሳሳተው አትርሱ! ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ግን ረጅም እጀታ፣ ሹል ከንፈር፣ ከኋላው ደግሞ በእግር የሚረገጥበት ጠንካራ መርገጫ ያስፈልጋል። ብየዳውን በተለይ እጀታው ከሆዱ የሚገናኝበት ላይ እዩት፤ መዛቂያ የሚሰበረው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የቆፈራችሁትን ድፈኑ። ሕፃን ልጅ ይሮጥበታል፤ ፍሎሪዳ ላይ የባሕር ኤሊ እንቁላሏን የምትጥለውም እዚያው አሸዋ ውስጥ ነው። የየቦታውን ሕግ ሳትጠይቁም አትውጡ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ለምሳሌ በመንግሥት መሬትና ባሕር ወለል ላይ ያለ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ታሪካዊ ቅርስ የመንግሥት ነው። ደግሞ ወንፊታችሁ ላይ የቀረውን ዝገት ከመወርወራችሁ በፊት አገላብጣችሁ እዩት። ወርቅ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ ቀልጦ ሌላ ጌጥ ሊሆንም ይችላል። በእጅ የተቀጠቀጠ የመርከብ ሚስማር ግን እዚህ ቦታ መርከብ ተሰብሮ ነበር፣ ሰው ሞቶ ነበር፣ የተረፈውም እዚሁ ሰፍሮ ነበር ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ቦታውን መዝግቡ፣ ጉድጓዱን አታስፉ፣ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ።

ለጆሮው ብዙ ገንዘብ ታወጣላችሁ፤ አውጡ፣ አልከለክልም። እጁን ግን ለመጨረሻ ትርፍ ሳንቲም አትተዉት። የጋርፊልድ ሐኪሞችም፣ የኤል አላሜይኑ ወታደርም፣ ሚስማሩን ያልጣለው ዋግነርም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ መፈለግ ከድምፁ ይጀምራል እንጂ ድምፁ ላይ አያልቅም።

የትኛውን መዛቂያ እንደምትጠቀሙ፣ ቀዳዳው ስንት እንደሆነ፣ ምን እንዳመለጣችሁ ከታች ጻፉልኝ። ሌሎቹም ይማሩበት።

ቸር ሰንብቱ!