ውሃ የከዳት ከተማ

ቤልጅግ አገር ብሩዥ ልጆቹን ይዞ ለአንድ ቀን ሽርሽር የሚወርድ ቤተሰብ በቦዩ ላይ በጀልባ ይዞራል፤ የደወሉን ግንብ 366 ደረጃ ይወጣል፤ «ጊዜ የቆመባት ከተማ!» ይላል። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፦ ምን አቆመው?

እ.ኤ.አ. በ1134 የባሕር ማዕበል ዝዊን የተባለውን የውሃ መግቢያ ከፈተ። መርከብ መጣ፣ የእንግሊዝ ሱፍ መጣ። ያንን ሱፍ የሚሸምነው ሸማኔ ነው እንግዲህ በ1302 ኮርትራይክ ላይ በእግሩ ቆሞ የፈረንሳይን ፈረሰኛ ባላባት ድል የነሣው፤ አስጎብኚው ቢዘለው እኛ አንዘለውም! ኋላ ዝዊን በደለል ተሞላ፤ ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ አንትወርፕ ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሩዥ ድሃ ነበረች። አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ ከየት ይምጣ? ዛሬ ፎቶ የሚነሣው ያ ድህነት ነው። እናቶች በመስኮት አይተው የሚያደንቁት ዳንቴልም ያኔ የድሃ ሴቶች የዕለት ጉርስ ነበር።