ዜና ግምብ ዘጎንደር

ዓፄ ፋሲለደስ፣ ስመ መንግሥታቸው ዓለም ሰገድ፣ በ1624 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ነገሡ። አባታቸው ዓፄ ሱስንዮስ፣ በወይና ደጋ ወንድም ከወንድሙ ስለ ሃይማኖት ከተላለቀ በኋላ፣ የተዋሕዶን እምነት በዓዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለቀቁላቸው። እሳቸውም የሮምን እምነት የሚያስተምሩትን የኢየሱሳውያን መምህራን ከአገር አስወጡ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም.፣ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ከተሙ። ንጉሡ ጎሽ ተከትለው ሲያድኑ ቦታውን አገኙት ይባላል፤ የመናገሻው ከተማ ስሙ በ«ጎ» ይጀምራል የሚል ትንቢትም ነበር ይላሉ። የጎሹን ነገር ለአዳኞች ትተነዋል። የውኃውና የመንገዱ ነገር ግን ዓይን የሚያየው ነው፤ ከስናር የሚወጣው ነጋዴና ከምጽዋ የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኙት በዚያው ነበርና።

ግምቡ በአገሩ ጥቁር ድንጋይና በኖራ ተሠራ። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች ቆሙ፤ ከላያቸውም አራት ማዕዘን የሆነው ትልቁ ማማ ከምድር እስከ ጫፉ 32 ሜትር ያህል ከፍ አለ። ነገሥታቱ ከዚያ በፊት ክረምትን በአንድ ስፍራ ከርመው በጋውን በድንኳን የሚዞሩ ነበሩና፣ ይህ ለሹማምንቱም ለባላገሩም አዲስ ነገር ነበር።

በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ከአልሙተወክል ኢስማዒል ዘንድ ቃዲ ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ ተልኮ መጣ። ከመኻ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻገረ፤ በበይሉል ወረደ፤ የአፋርን በረሃ በብዙ ድካምና ፍርሃት አልፎ ጎንደር ገባ። ስለ መልእክቱ ሁለቱ መንግሥታት የተግባቡ አልነበሩም። ኢማሙ ንጉሡ ይሰልማሉ ብለው ተስፋ አድርገዋል፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት በበይሉል በኩል የሚያልፍ የንግድ መንገድ ነበር። ምጽዋን ቱርክ ይዞታልና። ቃዲው ነገሩን ሲረዳ አዘነ፤ በንጉሡ ቤት ግን አላዘነም። ሕዝቡ በሣር ጎጆ በሚኖርባት ከተማ መካከል የድንጋይና የኖራ ቤት ሲያይ እጅግ ተደንቆ፣ ከሚያስደንቁ ሕንፃዎች ሁሉ አንዱ ነው ብሎ ጻፈ። ያነጸውም ሕንዳዊ መሆኑን ጨምሮ ጻፈ።

ዛሬም «ፖርቱጋሎች የሠሩት ግምብ» የሚል ሰው አይጠፋም። የኖራ ሥራ የተለመደው በሱስንዮስ ዘመን፣ ሚሲዮናውያኑ በአገር ሳሉ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተባርረው ከወጡ በኋላ የቆመውን ቤት ለእነሱ መስጠት፣ ደግሰው የሸኙትን እንግዳ ባለቤት እንደ ማድረግ ነው። ቤቱን በዓይኑ ያየው የየመን ሰው የሰጠው ምስክርነት ይበልጣል።

ከፋሲለደስ በኋላ የነገሡት በቅጥሩ ውስጥ እየጨመሩ ሠሩ፤ ልጅ በአባቱ ቤት አይኖርም፣ የራሱን ያቆማል። ቅጥሩም አሥራ ሁለት በር አለው። በወንበር በር ዳኞች፣ በእምቢልታ በር ነፊዎች፣ በባልደራስ በር የፈረሰኛ አለቆች ይገቡ ነበር፤ ለተዝካር የሚሆነው ደግሞ ተዝካሮ በር ነበር። በሩን ያወቀ ሥርዓቱን ያውቃል።

አድያም ሰገድ ኢያሱም ባለ ሁለት ጫፍ ጣሪያ ግምብ አሠሩ፤ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። በ1691 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ንጉሡን ሊያክም ከካይሮ መጣ፤ አክሞም ተመለሰ። ያን ግምብ በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ ጣሊያን በከተማው በነበረ ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ጉዳቱን አባሰው።

እቴጌ ምንትዋብ ግን ከቅጥሩ ወጥተው ከከተማው በስተ ምዕራብ በተራራው ሥር በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አቆሙ። ከሹማምንት ጭቅጭቅ መራቃቸው ብልህነት ይመስለኛል። በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሲመጣ ፈንጣጣ ከተማውን ይዞ ነበርና፣ በቁስቋም ተቀምጦ የቤተ መንግሥቱን ልጆች እንዲያክም ተደረገ። እቴጌይቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፉ፤ ከልጃቸው ከዳግማዊ ዓፄ ኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከዓፄ ኢዮአስ ጋር ዐፅማቸው በዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች አቃጠሉት፤ በኋላ ታደሰ።

ስለ ነገሥታቱ የአትክልት ቦታ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚጠራው በቀሐ ዳር ያለውን የፋሲል መዋኛ ነው። ሰፊ ኩሬ፣ በመካከሉ በቅስት ላይ የቆመ ግምብ፣ ዙሪያውን ትላልቅ ዛፎች፤ የዛፎቹም ሥር የቅጥሩን ድንጋይ አቅፎ ከግንበኛው ሥራ ጋር አንድ ሆኗል። ፋሲለደስ ሠሩት የሚል አለ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ ሠሩት የሚልም አለ። በሌላው ጊዜ ኩሬው ደረቅ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሐ ውኃ በቦይ ይገባበታል። ታቦታቱ ያድራሉ፤ ሲነጋ ካህናቱ ውኃውን ይባርካሉ፤ ጎበዛዝቱም ልብሳቸውን ጥለው ይዘላሉ፣ አንዳንዱም ቡራኬው ሳያልቅ።