የሚገድለን ጋዝ እና ያላለቀው ፋብሪካ

ክረምት ገብቶ የወልድያ ብርድ ሲጠና የከሰል ማንደጃ ወደ ቤት ይገባል። በርና መስኮቱ ከተዘጋ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እኛ ጋዙን የምናውቀው በዚህ ነው።

ጀርመኖች ግን ጥሬ ዕቃ አደረጉት። ቀድሞ ሜታኖል የሚባለው አልኮል የሚገኘው እንጨት በማጋል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የባስፍ ኩባንያ ሎይና በተባለ ስፍራ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅንን ቀላቅሎ፣ በዚንክና በክሮሚየም ኦክሳይድ ላይ በከባድ ግፊት እያሳለፈ ሜታኖል በብዛት ማምረት ጀመረ። ማዕድኑ ሁለቱን ጋዞች ያገናኛል እንጂ ራሱ አያልቅም። በ1960ዎቹ የእንግሊዙ አይ.ሲ.አይ. መዳብ ያለበት ማገናኛ ተጠቅሞ ሙቀቱን ወደ 250 ዲግሪ ግድም አወረደው፤ ግፊቱም በእጅጉ ቀነሰ፤ ወጪውም እንዲሁ።

እኛም ሞክረናል። ያዩ ላይ የድንጋይ ከሰልን መጀመሪያ ወደዚሁ ጋዝ፣ ቀጥሎም ወደ ዩሪያ የሚለውጥ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሜቴክ ተሰጠ። ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፤ ሳያልቅ ቆመ።

መርሳ ዙሪያ፣ ሀብሩ ውስጥ ጤፍ የሚዘራው ገበሬ እስካሁን የጠበቀው በመርከብ የሚመጣ ማዳበሪያ ነው። ከሰሉ አለን፤ ኬሚስትሪውም መቶ ዓመት ሞልቶታል። ያዩ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ የት እንደገባ ሳንጠይቅ ሌላ የመሠረት ድንጋይ ባናስቀምጥ ይሻላል።

እስከዚያው ግን፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ አውጡ።