ያልተወረወረ ስሕተት፦ የጃቫስክሪፕት ፍተሻ አጭር ታሪክ



ስለ ፕሮግራም ፍተሻ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ትክክለኛ ውጤት መገኘቱን ነው። ዛሬ የማቀርበው ግን የሌላውን ወገን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ እምቢ ማለት በሚገባው ቦታ በእርግጥ እምቢ ማለቱ እንዴት ሲረጋገጥ እንደ ኖረ ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ገንዘብ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ከዜሮ በታች የሆነ መጠን ሲሰጠው፣ በሙያው አነጋገር፣ ስሕተት «መወርወር» አለበት። ሳይወረውር ከቀረ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ተቀንሶ በላኪው ላይ ሊደመር ይችላል።

ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 በብሬንዳን አይክ እጅ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሲወለድ ስሕተትን የመወርወርና የመያዝ ሥርዓት አልነበረውም። ሥርዓቱ በቋንቋው ደንብ የሰፈረው በ1999 መጨረሻ፣ በሦስተኛው የኤክማስክሪፕት እትም ነው።

የአፈታተሹ ልማድ ግን የተወረሰው ከሌሎች ቋንቋዎች ነው። በ1997 ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ለጃቫ ቋንቋ ጄዩኒት የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። በዚያ ዘመን ፈታኙ ሥራውን በ«ትራይ» ውስጥ ይጠራል፤ ቀጥሎ «ፌይል» የምትል መስመር ያኖራል፤ የሚጠብቀውን ስሕተት በ«ካች» ይቀበላል። ያቺ መስመር ከተረሳች ስሕተቱ ባይወረወርም ፍተሻው እንዳለፈ ይቆጠራል። ዘበኛው ተኝቶ ሳለ ሰላም ነው እንደ ማለት ነው።

በ2009 ብቅ ያለው ኖድ፣ በ2010 የወጣው ጃዝሚን፣ በኋላም የፌስቡኩ ጄስት ይህን ሸክም ከፈታኙ አነሡ፤ ፋንክሽኑን ተቀብሎ የሚጠራው መሣሪያው ራሱ ሆነ። ፈታኙ ግን ፋንክሽኑን አስቀድሞ ጠርቶ ውጤቱን ካቀበለ፣ ስሕተቱ መሣሪያው ሳይደርስበት ይፈነዳል። ስለዚህ ጥሪው በሌላ ፋንክሽን ተጠቅልሎ መሰጠት አለበት። ይህ እንከን ጩኸት ስላለው ቶሎ ይታወቃል።

የዝምታው አደጋ የተመለሰው ውጤታቸውን ዘግይተው ከሚያደርሱ ሥራዎች ጋር ነው። «አሲንክ» እና «አዌይት» በ2017 እትም ሲገቡ፣ እንዲህ ያለው ፋንክሽን ስሕተቱን በቀጥታ በመወርወር ፈንታ ውድቅ የሆነ ፕሮሚስ የሚመልስ ሆነ። ፈታኙ «አዌይት» ማለትን ከዘነጋ ፍተሻው ውጤቱን ሳይጠብቅ ሊያልፍ ይችላል። ጄስት «ሪጀክትስ» የተባለውን መንገድ ያበጀው ውድቅ የሆነውን ፕሮሚስ ለመፈተሽ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን በየዘመኑ አልጠፋም። የስሕተቱን ዓይነት ሳይለይ «ይወርውር» ብቻ የሚል ፍተሻ፣ በፊደል ግድፈት የተነሣውን ስሕተት እንኳ እንደ ትክክለኛ ይቀበላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የሀገራችን ሰው። ስለዚህ የሚጠበቀውን ስሕተት በዓይነቱና በመልእክቱ ለዩ፤ ከዚያም ጥበቃውን ሆን ብላችሁ አፍርሱት። ያን ጊዜ የማይወድቅ ፍተሻ ምንም አልፈተሸም።