በክሪክ የተነሳች ከተማ

የጎረቤታችን የእማማ ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ፡፡ ወደ ላይ የሚያወጡ ሳይሆኑ ወደ ታች የሚያወርዱ፡፡ እኔ ልጅ ሳለሁ እነዚህ ደረጃዎች አልነበሩም፤ ከመንገዱ ወደ ግቢያቸው ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር፡፡ ከዚያ ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ መዋጮ ተዋጥቶ ኮብልስቶን ተነጠፈ፡፡ መጀመሪያ ገረጋንቲ ተደፋ፤ በገረጋንቲው ላይ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ድንጋይ፡፡ በሁለተኛው ዓመት ለውሃ መስመር ተብሎ ድንጋዩ ተነቀለና (መዋጮውን የመለሰልን የለም) ሲመለስ ትንሽ ከፍ ብሎ ተመለሰ፡፡ መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር የእማማ ቤት ዝቅ አለ፡፡ ቤቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፡፡ አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር እማማ በራቸው ላይ አፈር የሞላ ጆንያ ይደረድራሉ፡፡

ይህንን ቺካጎ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ በስልክ ሳጫውታት፣ «እዚህም እኮ እንደዚያ ያሉ ቤቶች አሉ» አለችኝ፡፡ የቀለደች መስሎኝ ነበር፡፡ ቆይታ ፎቶ ላከችልኝ፡፡ ፒልሰን የሚባል ሰፈር ነው፡፡ የጡብ ቤት፤ የታችኛው መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ በታች የሰመጠ፤ ግቢው ጉድጓድ ውስጥ ያለ የሚመስል፤ ከመንገዱ ወደ ላይኛው ፎቅ በር የምትወስድ ትንሽ ድልድይ ያለችው፡፡ ኮብልስቶን እዚያም ደርሶ ይሆን እንዴ ብዬ ሳቅኩ፡፡

ከዚያ ግን መቆፈር ጀመርኩ (ቁፋሮ ከሰፈራችን የተማርኩት ሙያ ነው)፡፡ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፡፡ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡

ቺካጎ የተቆረቆረችው ረግረግ ላይ ነው፡፡ ስሟ ራሱ ከነባር ሕዝቦቹ ቋንቋ፣ ከዱር ሽንኩርት መጠሪያ የመጣ ነው ይባላል፡፡ እንግዲህ ከጅምሩም ሽታ የማያጣት ቦታ ነበረች ማለት ነው፡፡ በ1837 ከተማ ተብላ ስትሰየም ወደ 4,000 ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ1860 ከ100,000 አልፋ ነበር፡፡ መሬቷ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ፣ ከሚቺጋን ሐይቅ ወለልም እምብዛም ከፍ የማይል ነው፡፡ ስለዚህ ከቤት የወጣ እጣቢ፣ ከበረት የወጣ እበት፣ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሞላው ሁሉ የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ይተኛል፡፡ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ሰው በእንጨት ርብራብ ላይ እየተንጠላጠለ ይሄዳል፡፡ በ1854 ኮሌራ ገብቶ ከ1,400 በላይ ሰው ፈጀ፡፡ ያኔ የከተማዋ ሕዝብ 70,000 እንኳ አልሞላም ነበር፡፡

በማግስቱ ዓመት ከተማዋ የፍሳሽ ኮሚሽን አቋቋመችና ከቦስተን ኤሊስ ቼስብሮ የሚባል መሐንዲስ አስመጣች፡፡ ሰውዬው የኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ፣ ገና በልጅነቱ ከባቡር መንገድ ቀያሾች ጋር እየዞረ ሙያውን የተማረ ነው፡፡ የገጠመው ችግር ደግሞ ለማንም ሰው ግልጽ ነው፡፡ የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራው በዘቅዛቃነቱ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ካልወረደ ውስጡ ያለው አይንቀሳቀስም፡፡ ቺካጎ ግን «ታች» የሚባል ነገር የላትም፡፡ ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል፡፡

ቼስብሮ ያመጣው መላ ስታስቡት እብደት ይመስላል፡፡ ቱቦው ወደ ታች መውረድ ካልቻለ ከተማው ወደ ላይ ይውጣ፡፡ የጡብ ቱቦዎቹን በነባሩ መንገድ መሃል አስተኝቶ ከላይ አፈር ማልበስ፣ በአፈሩ ላይ አዲስ መንገድ መሥራት፡፡ ከአፈሩ ከፊሉ ወንዙ እንዲጠልቅ ሲጠረግ የወጣው ደለል ነበር፡፡ መንገዶቹ በአንዳንድ ቦታ እስከ 3 ሜትር ከፍ አሉ፡፡ በአሜሪካ አንድን ከተማ በአንድ ዕቅድ የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው፡፡

ታዲያ መንገዱ 2 ሜትር ሲነሳ በመንገዱ ዳር ያለው ሱቅ ምን ይሁን? መሬት ላይ የነበረው በር አሁን ጉድጓድ ውስጥ ነው፡፡ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ፊልም የሚመስለው፡፡ ፎቆቹን በክሪክ አነሷቸው፡፡ አዎ፣ ክሪክ፤ ጎማ ሲፈነዳ መኪና የምናነሳበት ዓይነት፣ በጥምዝ ብረት እየተሽከረከረ የሚያነሳው፡፡ በ1858 ጥር ወር ባለ አራት ፎቅ የጡብ ሕንፃ፣ 750 ቶን የሚመዝን፣ በ200 ክሪክ ወደ 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ አዲስ መሠረት ተገነባለት፡፡ በ1860 ሌክ ስትሪት ላይ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ የሱቆች መደዳ፣ ግማሽ ብሎክ ሙሉ፣ በ600 ሠራተኞችና በ6,000 ክሪክ በአምስት ቀን ተነሳ፡፡ ውስጡ ያሉት ነጋዴዎች ሱቃቸውን እንኳ አልዘጉም፡፡ ሠራተኞቹ ምልክት ሲሰጣቸው ሁሉም እኩል ክሪካቸውን በትንሹ ያዞራሉ፤ ሌላ ምልክት፣ ሌላ ዙር፡፡ አንዱ ቀድሞ ቢያዞር ግድግዳው ይሰነጠቃል፡፡

በ1861 ተራው የትሬሞንት ሆቴል ሆነ፡፡ ባለ ስድስት ፎቅ የጡብ ሆቴል ሲነሳ እንግዶቹ ውስጥ ነበሩ፤ በልተው ጠጥተው ይተኙ ነበር፡፡ ሥራውን ከያዙት ተቋራጮች አንዱ ጆርጅ ፑልማን ነው፤ በኋላ አልጋ ባላቸው የባቡር ፉርጎዎች ሀብታም የሆነው ያው ፑልማን፡፡ የእንጨት ቤት የነበራቸው ደግሞ ቤታቸውን በግንድ ላይ እያንከባለሉ ሌላ ሰፈር ይወስዱት ነበር፡፡ በ1860ዎቹ መጨረሻ ከተማዋን የጎበኘ አንድ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በአንድ ቀን ብቻ ዘጠኝ ቤቶች መንገድ ላይ ሲሄዱ እንዳጋጠሙት ጽፏል፡፡ (አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት ሲቀይር እቃ የሚጭን አይሱዙ ይፈልጋል፤ እነርሱ ቤቱን ራሱን ጫኑት፡፡)

ስለ ቺካጎ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፡፡ ጀግና መሐንዲስ፣ ክሪክ፣ ሆቴል፣ ጭብጨባ፡፡ እኔን ግን የእማማ ቤት አላስቆመኝም፡፡

ከተማው ያነሳው መንገዱን ነው፡፡ ቤትህን ማንሳት የራስህ ጉዳይ ነበር፡፡ 6,000 ክሪክና 600 ሠራተኛ የሚከራይ ባለሀብት ያነሳል፤ የሌለው እዚያው ይቀራል፡፡ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ጭራሽ ስለማያነሳ ለዓመታት የቺካጎ የእግረኛ መንገድ ደረጃ መውጣትና ደረጃ መውረድ ነበር፡፡ መንገዱም ቢሆን በነፃ አይመጣም፡፡ በዚያ ዘመን የመንገድ ሥራ ወጪ የሚሸፈነው በአብዛኛው በዚያው መንገድ ዳር ንብረት ካላቸው ሰዎች በሚሰበሰብ ልዩ ክፍያ ነበር፡፡ መዋጮ በሉት፡፡ የሚከፍል ያለበት ሰፈር ቶሎ ይሠራለታል፤ የሌለበት ወረፋ ይጠብቃል፡፡

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ መንገድ ማንሳቱ ወደ ሠራተኛ ሰፈሮች ዘለቀ፡፡ ፒልሰን ያኔ የቼክ ስደተኞች መንደር ነበር፤ ስሙም የመጣው ከአገራቸው ከተማ ነው (ዛሬ የሜክሲኮ ልጆች ሰፈር በመባል ይታወቃል)፡፡ እዚያ ብዙዎቹ ቤታቸውን አላነሱም፡፡ መንገዱ ተነሳ፣ የታችኛው ፎቅ ከመሬት በታች ሆነ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ድልድይ ተዘረጋ፡፡ የአክስቴ ልጅ ፎቶ የዚህ ታሪክ ትራፊ ነው፡፡

ቱቦዎቹ መሬት ውስጥ ከገቡ በኋላም ጣጣው አላለቀም፡፡ ፍሳሹ ወደ ወንዙ ይሄዳል፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ የመጠጥ ውሃው ደግሞ የሚቀዳው ከዚያው ሐይቅ ነው፡፡ ቼስብሮ ለዚህም መላ አላጣም፤ ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ከሐይቁ ወለል በታች ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አስቆፍሮ በ1867 አስመረቀ፡፡ እሱም እያደር አልበቃ አለ፡፡ በ1900 ከተማዋ 45 ኪሎ ሜትር ቦይ ቆፍራ ወንዙን ወደ ኋላ አዞረችው፡፡ ቆሻሻው ከሐይቁ ርቆ ወደ ሚሲሲፒ፣ ማለትም ወደ ሰው አገር ሄደ፡፡ ታች ያለችው ሴንት ልዊስ የምትገኝበት የሚዙሪ ግዛት አመልክታ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1906 ቺካጎ ረታች፡፡

ወንዙ ከዞረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ ከተማዋን የታይፎይድ ወረርሽኝ መታት፡፡ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፡፡ 19ኛው ወረዳ የጣልያን፣ የግሪክና የአይሁድ ስደተኞች ታጭቀው የሚኖሩበት ነበር፡፡ ሐል ሐውስ የተባለውን የበጎ አድራጎት ቤት በ1889 እዚያ የከፈተችው ጄን አዳምስ (በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች) እንደጻፈችው፣ ወረዳው የከተማዋን ሕዝብ 36ኛ እጅ ብቻ ይዞ ከሟቾቹ ግን አንድ ስድስተኛው የእርሱ ነበሩ፡፡ እዚያው ቤት የምትኖር አሊስ ሃሚልተን የተባለች ወጣት ሐኪም ምክንያቱን ልፈልግ ብላ ከባልንጀሮቿ ጋር ቤት ለቤት ዞረች፡፡ ያገኙት አስደንጋጭ ነበር፡፡ ዋናው የፍሳሽ መስመር መንገዱ ላይ አለ፤ ብዙዎቹ የኪራይ ቤቶች ግን አልተገናኙትም፡፡ አከራይ ለቅጥያው ቱቦ ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም፣ ተከራይ አይችልም፣ ተቆጣጣሪው አያይም፡፡ በየጓሮው ክፍት ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ላይ ዝንብ፡፡ ሃሚልተን «በሽታውን ያሰራጩት ዝንቦቹ ናቸው» ብላ ጻፈች፤ ጽሑፏም ተወደሰላት፤ በከተማው ጤና ቢሮ ላይም ጥያቄ አስነሳ፡፡

ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ሰማች፡፡ በአካባቢው ባለው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ብልሽት ደርሶ ለሦስት ቀን ያህል ፍሳሽ ከመጠጥ ውሃ ቧንቧ ጋር ሲደባለቅ ቆይቷል፡፡ የሚመለከታቸው ሰዎች አውቀውታል፤ ደብቀውታልም፡፡ ሃሚልተን በዝንቦቹ ጽሑፍ በተመሰገነች ቁጥር ታፍር እንደነበር በሕይወት ታሪኳ ላይ አስፍራለች፡፡ እኔ በበኩሌ ከክሪኩም ከሆቴሉም ይልቅ የማልረሳው ይህንን ነው፡፡

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ማእድ ቤት፡፡ ጠዋት ጀበና ከመጣዷ በፊት ቧንቧውን ከፍታ አምስት ደቂቃ ታፈሰዋለች፡፡ እናቴ ይህንን ስትሰማ «አምስት ደቂቃ ሙሉ? ውሃ?» ብላ ልታብድ ነበር፡፡ ምክንያቱ እርሳስ ነው፡፡ የምንጽፍበቱ ሳይሆን ብረቱ፡፡ ቺካጎ ከዋናው መስመር ወደ ቤት የሚገባው ቅጥያ ቱቦ ከእርሳስ እንዲሠራ ታስገድድ ነበር፤ ያውም የፌዴራሉ መንግሥት እስከከለከለበት እስከ 1986 ድረስ፡፡ ዛሬ ወደ 400,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች አሏት፤ በአሜሪካ የሚስተካከላት ከተማ የለም፡፡ እርሳስ ደግሞ ለሕፃን አእምሮ «ይህን ያህል ቢሆን ግድ የለም» የሚባል መጠን የለውም፡፡

ከ2012 ጀምሮ ከተማዋ የውሃ ክፍያ ጨምራ ያረጁ መስመሮቿን መቀየር ተያያዘችው፡፡ ዕቅዱ ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና የውሃ መስመር ነበር፤ ብዙው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ፡፡ መንገድ ተቆፈረ፣ አዲስ ቱቦ ገባ፣ አስፋልት ተነጠፈ፡፡ ከዚያስ? አዲሱ መስመር ላይ አሮጌው የእርሳስ ቅጥያ መልሶ ተቀጠለ፡፡ የቤቱ ቅጥያ የባለቤቱ ነዋ! ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ ቁፋሮው ራሱ ነው፡፡ ውሃው ውስጥ ፎስፌት ስለሚጨመር የእርሳሱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ቱቦው ሲነቀነቅ ያ ሽፋን ይሰነጠቃል፡፡ በ2013 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በዚያችው በቺካጎ ባወጡት ጥናት ቱቦአቸው በቁፋሮ የተነካካ ቤቶች ውሃ ውስጥ ብዙ እርሳስ አግኝተዋል፡፡ መንገዱ ታደሰለት የተባለው ሰፈር ውሃው ባሰበት ማለት ነው፡፡

የግዛቱ ምክር ቤት በ2021 ባወጣው ሕግ ዋናው መስመር ሲቀየር የእርሳሱም ቅጥያ አብሮ መቀየር አለበት፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ግን ከዚያ በፊት የተቆፈሩት ሰፈሮች አሉ፤ መንገዳቸው ተደፍኗል፡፡ ከተማዋ ያቀረበችው ዕቅድ ሁሉንም ቀይሮ ለመጨረስ የሚያስበው በ2076 ነው፡፡ የአክስቴ ልጅ መንገድ ከሕጉ በፊት ከተቆፈሩት አንዱ ነው፡፡ አከራይዋ ተራ እንጠብቅ ብሏታል፡፡ የሦስት ዓመት ልጅ አላት፡፡

ባለፈው ሳምንት እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎ አገኘን፡፡ ለፍሳሽ መስመር ነው አሉ፡፡ ደስ ይላል፤ ጉድጓድ ማስመጠጫ ወረፋ መጠበቁ ሰልችቶናል፡፡ እማማ በሦስቱ ደረጃ ቀስ ብለው ወጥተው ቀለሙን አዩና የሚያሰምረውን ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ «ልጄ፣ ድንጋዩን ስትመልሱት ስንት ይጨምራል?»

ልጁ ስለ ከፍታው የሚያውቀው ነገር አልነበረም፡፡ ስልክ ቁጥር ጽፎላቸው ሄደ፡፡