«ጎሜ» የተባለው ቃል

በጋሞ ደጋ የሚነገረው «ጎሜ» ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዴ «ርኩሰት»፣ አንዴም «ኃጢአት» ይባላል፤ ሁለቱም በትክክል አይገጥሙትም። ጎሜ የታላቅነትን ተራ ወይም የጋብቻን ደንብ መተላለፍ ነው፤ ሳይታሰብ ቢፈጸም እንኳ በሽታ፣ መካንነት ወይም የአዝመራ መክሸፍ ሆኖ በቤተ ሰቡ ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህም የሚነጻው በውኃ ሳይሆን ጥፋትን ገልጦ በመናገርና በግ አርዶ በመታረቅ ነው። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በዶርዜ ያየውን ጎሜ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶታል።

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ የከበደው በሸክላ ሠሪዎችና በቆዳ አልፊዎች ላይ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መጋባት ራሱ ጎሜ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬትን ባለቤትነት ለወጠ፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋትም ጎሜን የአሮጌ እምነት ስም አደረገው። ጋብቻው ግን በብዙ ቤት እንደ ተከለከለ ቀረ፤ ምክንያቱን የሚጠራ ቃል እንኳ ሳያሻው።