እሱን ደግሞ ማን ለካው?

ቤቴ ውስጥ ቢራ ልጠምቅ ነው ስል ወዳጆቼ ሳቁብኝ። ጠላ የሚጠምቁ አክስት እያሉህ ምን ጎደለህ አሉኝ። እኔ ግን የገብስ ብቅል አስፈጭቼ፣ ከአንድ ሱቅ ሁለት ቴርሞሜትር ገዝቼ ገባሁ። ሁለት መግዛቴ አንዱ ቢሰበር ብዬ ነበር።

ሁለቱንም የሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ብነክራቸው አንደኛው 100፣ ሁለተኛው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳዩኝ። ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ከልጅነታችን ስንማር ኖረናልና 92 ያለውን ውሸታም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ይህን ስሠራ አክስቴ ከበሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«የውኃውን ሙቀት የሚለካ ነው፣ እትዬ።»

«እሱን ደግሞ ማን ለካው?»

ሳቅሁ። ቢራው ሲደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ጣዕም የሌለው፣ የደፈረሰ፣ ለእንግዳ ቀርቶ ለራሴም የማይጠጣ ነገር ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ የአክስቴ ጥያቄ ይከነክነኝ ጀመር፤ መልሱንም ፍለጋ የጠማቂዎችን ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቅል በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ በውስጡ ያሉት ኤንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣሉ። ለዚህ የሚስማማው ሙቀት ከ65 እስከ 68 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃው ብዙ ከቀዘቀዘ ስታርቹ በወጉ አይፈታም፤ ከ80 ካለፈ ደግሞ ኤንዛይሞቹ ፈጥነው ይበላሻሉ። የጥንት እንግሊዛውያን ጠማቂዎች ይህን ሳያውቁ በዓይናቸው ይሠሩ ነበር። ውኃውን አፍልተው ጥቂት እንዲበርድ ይተዉታል፤ እንፋሎቱ ገለጥ ብሎ ጠማቂው የገዛ ፊቱን ውኃው ላይ ሲያይ፣ ያን ጊዜ ብቅሉ ይጨመራል። ዘዴው አያስቅም፤ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። ችግሩ እንፋሎት በብርድ ቀንና በሙቀት ቀን እኩል አለመገለጡ ነው።

ጀርመናዊው ዳንኤል ጋብርኤል ፋራናይት በሜርኩሪ የሚሠራውን ቴርሞሜትር እ.ኤ.አ. በ1714 ቢያበጅም ወደ ጠመቃ ቤት ለመግባት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። እንግሊዛዊው ጠማቂ ማይክል ኮምብሩን እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው የጠመቃ መጽሐፍ የሥራው ሁሉ መሪ ቴርሞሜትር መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። ሆኖም የሙያ ሰዎች በቀላሉ አልተቀበሉትም። ሐምፕሻየር ውስጥ በአልተን ከተማ ይኖር የነበረው ወጣቱ ጠማቂ ጄምስ ባቨርስቶክ ቴርሞሜትሩን ከአባቱ ደብቆ ይጠቀም እንደነበር ይተረካል፤ አባቱ አዲስ ፈሊጥ አይወዱም ነበርና። ያው ወጣት የብቅሉን ውኃ ጥንካሬ የሚለካውን ሃይድሮሜትር ይዞ ወደ ታዋቂው የለንደን ጠማቂ ወደ ሳሙኤል ዊትብሬድ ቢሄድም የቀን ሕልም ነው ተብሎ ተመልሷል።

በኋላ ግን ጠማቂዎቹ ከሳይንቲስቶቹ ቀድመው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1818 ከጠማቂ ቤተሰብ የተወለደው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል በ1840ዎቹ ዓመታት ውኃን በመቅዘፊያ እያሽከረከረ ሥራ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ለካ። የአንድ ዲግሪ ፋራናይትን 1/200ኛ አነባለሁ ሲል ብዙዎች ተጠራጠሩት። ጁል ግን ማንችስተር በሚገኝ የታወቀ ባለሙያ የተሠሩ ቴርሞሜትሮች ነበሩት፤ ዓይኑና እጁም ልኬት የዕለት እንጀራ በሆነበት ቤት የሠለጠኑ ነበሩ። ዛሬ የኃይል መለኪያው በስሙ ይጠራል።

ታዲያ የእኔ ቢራ ለምን ተበላሸ? መልሱን ያገኘሁት ከራሳቸው ከቴርሞሜትር አባቶች ነው። ፋራናይት እ.ኤ.አ. በ1724 ባወጣው ጽሑፍ የውኃ መፍያ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ገልጿል። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሲየስም በ1742 ይህንኑ አረጋግጦ፣ በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን በግፊቱ ለውጥ እንደማይናወጥ አሳይቷል። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን የዞሩ አሳሾች ይህንኑ ተገን አድርገው፣ ውኃ እያፈሉ የተራሮቻችንን ከፍታ በቴርሞሜትር ይለኩ ነበር።

ውሸታም ብዬ የወረወርኩት እውነተኛው ነበር! ከመሳቢያው አውጥቼ ሁለቱንም በተፈጨ በረዶና በጥቂት ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነከርኳቸው። ደህና አድርጌ አማስዬ ጥቂት ደቂቃ ብቆይ የተናቀው ዜሮ ላይ ቆመ፤ ያመንኩት ግን 8 ላይ ቀረ። እሱ 66 ሲለኝ ብቅሌ የተዘፈዘፈው በ58 ዲግሪ ኖሯል።

ስለዚህ ቴርሞሜትር የሚገዛ ወዳጅ ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህን ነው፤ የዋጋውን ውድነትና የመስታወቱን ውበት ትቶ በመጀመሪያ በረዶ ውስጥ ይንከረው። ቀጥሎ ውኃ ያፍላና የሚኖርበትን ከተማ ከፍታ አስቦ ይፍረድ። በሁለቱም ያለፈውን ይመነው።

ሁለተኛው ቢራዬ ደህና ወጣ። አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ለአክስቴ ወሰድኩላቸው። እሳቸው ጥንስሱ ላይ ሊጨምሩት ያበረዱትን እንኩሮ በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ነበር። ቀመስ አድርገው «ጠላ አይሆንም እንጂ ክፉ አይደለም» አሉ።

«እትዬ፣ ቴርሞሜትሩን ማን እንደለካው አገኘሁ እኮ» አልኳቸው።

«ማን ለካው?»

«በረዶ።»

እጃቸውን ከእንኩሮው ላይ ሳያነሱ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ደግ» አሉኝ።